ደንበኛ «ቀዝቅዟል»፣ «ይሄን አላዘዝኩም»፣ «መቶ ነው የሰጠሁህ» ሲል በተግባር ምን ይደረጋል?

የሥልጠና ሰው፦

ሰላም ለሁላችሁ። አስተናጋጅነትና ካሸርነት ለሚጀምሩ ልጆች ሥልጠና እያዘጋጀሁ ነው። «ደንበኛ ንጉሥ ነው» የሚለውን ሁሉም ሲሰማ ያደገው ነው፤ ንጉሡ ሲቆጣ ምን እንደሚደረግ ግን የሚያሳያቸው የለም። «ታገሱ፣ ፈገግ በሉ» የሚለውን ራሴም እነግራቸዋለሁ። የምፈልገው እጅ ምን መሥራት፣ አፍ ምን ማለት እንዳለበት ነው። በየቦታው የሚደጋገሙት እነዚህ ናቸው፦

ካፑቺኖ ያለ አረፋ አዝዞ ሲመጣለት «ይሄማ ካፑቺኖ አይደለም» የሚል። ከማሽኑ የወረደ ቡና ወዲያው ቀርቦለት «ቀዝቅዟል» የሚል። ስቴክ «በደንብ ይብሰል፣ ግን እንዳይደርቅ» የሚል። ሳህኑን ጨርሶ «አልጣመኝም፣ አልከፍልም» የሚል። «ወተት አለርጂ አለብኝ» ብሎ ከጓደኛው ሳህን አይብ የሚቀምስ። ሃምሳ ሰጥቶ የመቶ መልስ የሚጠይቅ። ወንበሮቹ ጠረጴዛ ላይ ተገልብጠው እያየ «ዘግታችኋል እንዴ?» ብሎ አንዱን አውርዶ የሚቀመጥ።

በየሙያችሁ ብትመልሱልኝ ደስ ይለኛል።

ነጭ ሽርጥ፦

ከመጠጡ ልጀምር። «ቀዝቅዟል» የሚለው ቅሬታ በጣም ብዙ ጊዜ የቡናው ሳይሆን የኩባያው ጥፋት ነው። ኤስፕሬሶ ከ30 እስከ 40 ሚሊ ሊትር የምትሆን ትንሽ ፈሳሽ ናት፤ ወፍራም ቀዝቃዛ ሴራሚክ ውስጥ ስትወርድ ሙቀቷን ኩባያው ይወስደዋል። ማሽኑ ላይ የተደረደሩ ኩባያዎች ሁሉ ሞቀዋል ብላችሁ አትመኑ። የሚሞቀው የታችኛው ረድፍ ነው፤ ሦስተኛው ፎቅ ላይ ያለው እንደ ክፍሉ አየር ነው። በሥራ ጥድፊያ ግን እጅ የሚሄደው ወደ ላይኛው ነው።

ስለዚህ ደንበኛው «በጣም ትኩስ» ካለ ቡናውን ከመፍጨታችሁ በፊት ኩባያውን በሙቅ ውሃ ሙሉት፤ ፈጭታችሁና ጠቅጥቃችሁ ስትጨርሱ ደፍታችሁ በጨርቅ አድርቁት፣ ከዚያ ቡናውን አውርዱበት። ወተቱ ከ60 እስከ 65 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ላይ ጣፋጭ ነው። ከ70 ሲያልፍ የተቀቀለ ሽታ ያመጣል፣ አረፋውም ይሻክራል። ደንበኛው አሁንም ይጨመርልኝ ካለ 70 ድረስ ሂዱ፣ ግን በአዲስ ወተት። አንድ ጊዜ በማሽኑ እንፋሎት (ስቲም) የሞቀን ወተት መልሶ ማሞቅ ውሃ ውሃ የሚል ነገር ይሠራል፤ ሁለተኛ ቅሬታ የሚመጣው ከዚያ ነው።

ካፑቺኖ ያለ አረፋ ላዘዘ ሰው ስለ ስሙ አትከራከሩ። ስም ላይ የተጀመረ ክርክር ማለቂያ የለውም። ሁለት ነገር ብቻ ጠይቁ፦ «ኩባያው ይሄ ይሁን ወይስ ያ?»፣ «ከላይ አረፋ ይኑር ወይስ ይቅር?» ካውንተሩ ላይ የየመጠኑ ባዶ ኩባያ ተደርድሮ ቢቀመጥ ግማሹ ጭቅጭቅ ይቀራል። በተለይ ማኪያቶ ሲታዘዝ ይህ በጣም ይጠቅማል፤ አንዱ ትንሽ ኤስፕሬሶ ጠብታ ወተት ያላት ይጠብቃል፣ ሌላው ትልቅ ብርጭቆ ከካራሜል ጋር። ትዕዛዙን ስትደግሙም ስሙን ሳይሆን የሚመጣውን ንገሩት፦ «ትንሿ ኩባያ፣ ወተቱ ጠብታ ብቻ፣ ካራሜል የለውም፤ ልክ ነኝ?»

ጠረጴዛ ሰባት፦

ስቴክ ላይም ያው ነው፤ «መካከለኛ» የሚለው ቃል ለአሥር ሰው አሥር ነገር ነው። ቀለሙን ጠይቁ፦ «መሃሉ ቀይ ይሁን፣ ሮዝ ወይስ ምንም ቀይ የሌለው?» ወጥ ቤቱ ደግሞ በቴርሞሜትር ይሥራ። ቀይ ከ50 እስከ 52 ዲግሪ፣ ቀይና ሮዝ ከ54 እስከ 57፣ ሮዝ ከ60 እስከ 63፣ ሙሉ በሙሉ የበሰለ ከ71 በላይ። ከእሳት የወረደ ወፍራም ስጋ በራሱ ሙቀት ከ3 እስከ 5 ዲግሪ ስለሚጨምር ቀድሞ መውረድ አለበት። ሼፉ ይህን ካልቆጠረ ሮዝ ያዘዘ ደንበኛ ግራጫ ስጋ ይደርሰዋል፣ ጥፋተኛው ግን አስተናጋጁ ይሆናል።

ደንበኛው በሁለት ደረጃ መካከል ከዋለለ ያነሰ የሚበስለውን ጻፉ። ጥሬነት የበዛበት በሁለት ደቂቃ እሳት ይስተካከላል፤ ያረረ ግን ከዜሮ ይጀመራል። «በደንብ ይብሰል ግን እንዳይደርቅ» ላለ ሰው ሁለት ነገር ይቻላል፦ ስቡ የበዛ ቁራጭ መጠቆም፣ ወይም ወፍራሙን ስጋ መሃሉን ሰንጥቆ ማሳሳት። ጊዜውንም አስቀድሞ መንገር ግድ ነው፤ «ሃያ አምስት ደቂቃ ይወስዳል» ተብሎ የተስማማ ሰው በሃያኛው ደቂቃ አይጮህም። «ደም አለው» ሲል ያ ቀይ ፈሳሽ ደም ሳይሆን ማዮግሎቢን የተባለ ፕሮቲን የቀላቀለ ውሃ መሆኑ እውነት ነው። ሆኖም ገበታ ላይ ትምህርት አትስጡ። «ትንሽ ላስጨምርልዎ» ብላችሁ ሳህኑን አንሡ።

ሳህኑን ጨርሶ የሚያማርረውን የሚከላከለው የሁለት ጉርሻ ደንብ ነው። ምግቡ ከቀረበ በኋላ ሁለት ጉርሻ ወይም ሁለት ደቂቃ፣ የቀደመው ሲደርስ ጠረጴዛው ጋ ተመለሱ። «ሁሉ ነገር ደህና ነው?» አትበሉ፤ ሰው ሳያስብ «አዎ» ይላል። «ስጋው እንዳሉት ሆኗል?»፣ «ጨዉ ተስማማዎት?» በሉ። ያን ጊዜ «አልሆነም» ካለ ሳህኑን ወዲያው ወስዳችሁ ለሼፉ አሳዩ፤ ሌሎቹ ሲበሉ እሱ እጁን አጣጥፎ እንዳይቀመጥ ሰላጣ ወይም ሾርባ አቅርቡለት። «ሆኗል» ብሎ ጨርሶ ከካደ ግን ተጠይቆ ምን እንዳለ ለሥራ አስኪያጁ መናገር ይቻላል። አስተናጋጁ በራሱ ሥልጣን እስከ ምን ድረስ መተው እንደሚችል (አንድ መጠጥ? አንድ ጣፋጭ?) ከሥራ በፊት ይወሰን። ደንበኛው ፊት «ቆይ ልጠይቅ» እያለ ሦስቴ የሚመላለስ አስተናጋጅ ትንሹን ቅሬታ ትልቅ ያደርገዋል።

ሒሳብ መክፈልም ተመሳሳይ መዘዝ አለው። «በአንድ ነው ወይስ ለየብቻ?» የሚለው ጥያቄ ከትዕዛዝ በፊት ይቅደም። ወንበሮቹን ከበሩ አቅጣጫ ጀምራችሁ በሰዓት አዟዟር ቁጠሩ፣ ትዕዛዙንም በወንበር ቁጥር ጻፉ። ስምንት ሰው ድንገት ተነሥቶ «ለየብቻ ይሁንልን» ቢል የማን ምን እንደሆነ ወረቀቱ ይናገራል።

መሳቢያ ዝጋ፦

የካሸሩን እኔ ልውሰድ፤ እዚህ ላይ ገንዘብ ስለሚጎድል ጠንከር ብሎ ቢሰጥ እመክራለሁ።

አንደኛ፣ የተቀበላችሁትን ኖት ወደ ክፍሉ አታስገቡ። መሳቢያው ላይ አግድም አስቀምጡት፣ «ከመቶ» ብላችሁ ጮክ ብላችሁ ተናገሩ፣ መልሱን ቁጠሩ፤ ደንበኛው መልሱን ቆጥሮ እጁ ሲገባ ነው ኖቱ ወደ ቦታው የሚሄደው። መልስ ሁለቴ ይቆጠራል፦ ከመሳቢያው ሲወጣ ለራስ፣ እጁ ላይ ሲቀመጥ ለእሱ። ከሒሳቡ ተነሥቶ ወደ ላይ መቁጠር ይሻላል፤ ሒሳቡ 35 ከሆነ «35፣ 40፣ 50፣ መቶ» እያላችሁ።

ሁለተኛ፣ «መቶ ነው የሰጠሁህ» ሲመጣ ቃል ለቃል አትጋጩ። ኤክስ ሪፖርት አውጡና መሳቢያውን ቁጠሩ። ኤክስ ሪፖርት ቁጥሩን ሳይሰርዝ እስከዚያ ሰዓት ያለውን ሽያጭ ያሳያል፤ ዜድ ሪፖርት ግን ቀኑን ይዘጋል፣ ስለዚህ በስሕተት እንዳትጫኑት። መነሻው (ሥራ ሲጀመር መሳቢያው ውስጥ የነበረው) 500፣ የጥሬ ገንዘቡ ሽያጭ 2,340 ከሆነ መሳቢያው ውስጥ 2,840 መኖር አለበት። 2,890 ከተገኘ ደንበኛው ልክ ነው፣ ሃምሳው ይሰጠው፣ ይቅርታም ይጠየቅ። 2,840 ከሆነ ቁጥሩን አሳዩት። ቆጠራውን ሥራ አስኪያጅ ወይም ሌላ ሠራተኛ ባለበት አድርጉ፤ ሰልፉ ረጅም ከሆነ ስልኩን ተቀብላችሁ «በፈረቃው መጨረሻ ቆጥረን እንደውላለን» ማለት ይቻላል።

ሦስተኛው ሆን ተብሎ የሚደረግ ማጭበርበር ነው። ሰውየው በትልቅ ኖት ትንሽ ነገር ይገዛል። መልሱ እየተቆጠረለት «ውይ፣ ዝርዝር አለኝ፣ መቶዬን መልስልኝ» ይላል፤ ዝርዝሩን ከመልሱ ጋር ቀላቅሎ ይሰጥና ሌላ ልውውጥ ይጀምራል። የሚሠራው ካሸሩ ሁለት ሒሳብ ባንድ ጊዜ ጭንቅላቱ ውስጥ ስለሚይዝ ነው። መድኃኒቱ፦ የመጀመሪያውን ጨርሱ፣ መሳቢያውን ዝጉ፣ ከዚያ «አሁን ምን ልቀይርልዎ?» በሉ። የእሱ ገንዘብ እጃችሁ ገብቶ ሳይቆጠር የእናንተ አይወጣም። ቢያጣድፋችሁ ይበልጥ ቀስ በሉ።

ካርድ ሲከለከል ደግሞ ኮዱን አንብቡ። በብዙ ፖስ ማሽኖች 51 በቂ ገንዘብ የለም፣ 54 ካርዱ ጊዜው አልፏል፣ 55 የሚስጥር ቁጥሩ ተሳስቷል፣ 91 የባንኩ ሲስተም አልመለሰም፣ 05 ባንኩ ምክንያት ሳይናገር ከልክሏል ማለት ነው። 51 ሲወጣ ሰልፉ እየሰማ «ገንዘብ የለዎትም» አይባልም። «ማሽኑ አልተቀበለውም፣ ሌላ መክፈያ እንሞክር?» ይበቃል። «ስልኬ ላይ ተቆርጧል!» ካለ የማሽኑን የመጨረሻ ግብይት እዩ፤ የማረጋገጫ ቁጥር ከሌለው ክፍያው አልተጠናቀቀም። ያልተሳካበትን ደረሰኝ አትማችሁ ስጡት፣ ባንኩ ጋ ማስረጃው እሱ ነው።

ዋጋው አልነበብ ሲል «እንግዲያው ነፃ ነው ማለት ነዋ!» የሚለውን ቀልድ ካሸር በቀን ብዙ ጊዜ ይሰማዋል። ለተናጋሪው ግን አዲስ ነው፤ ፈገግ ብላችሁ ቁጥሩን በእጅ አስገቡ።

ሰማያዊ ቢላ፦

ጠያቂው አለርጂውን ከሚያስቁት ጋር መደርደሩ አልተመቸኝም። አይቡን የቀመሰው ሰው ላክቶስ የማይስማማው ሊሆን ይችላል፤ ጥቂት አይብ ብዙ አይጎዳውም። የወተት ፕሮቲን አለርጂ ያለበት ግን በጥቂቱ ሊሞት ይችላል፤ ለእሱ ላክቶስ አልባ ወተትም አደገኛ ነው፣ ምክንያቱም የተሰባበረው ወይም የወጣው ስኳሩ እንጂ ፕሮቲኑ አይደለም። አስተናጋጅ በዓይኑ አይቶ ሊለይ አይችልም። ስለዚህ «አለርጂ ነው፣ አይስማማዎትም፣ ወይስ አይወዱትም?» ብሎ ይጠይቅ፣ «አለርጂ» ከተባለ ደግሞ ያለ ክርክር ይጻፍ።

ወጥ ቤት ውስጥ፦ እጅ በሳሙና፣ ንጹሕ ሰሌዳ፣ ንጹሕ ቢላ፣ ንጹሕ መጥበሻ። ኦቾሎኒ ተነስንሶበት የመጣን ሳህን ጠርጎ መመለስ አይቻልም፤ እንደገና ይሠራል። ዳቦ ዱቄት የተጠበሰበት ዘይት ውስጥ የገባ ድንች ግሉተን (የስንዴ ፕሮቲን) ሊኖርበት ይችላል። ሳህኑን ለብቻው አንድ ሰው ያድርስ።

ከንፈሩ ካበጠ፣ ትንፋሽ ካጠረው ወይም ቆዳው ድንገት ሽፍታ ካወጣ ድንገተኛ ሕክምና ይጠራ። የአድሬናሊን መርፌ ከያዘ ወዲያውኑ ጭኑ ላይ በውጭ በኩል ይወጋ። አታስነሡት፣ አታራምዱት፤ ይጋደም፣ እግሩ ከፍ ይበል፣ መተንፈስ ካቃተው ብቻ ይቀመጥ።

መስመር ላይ ይቆዩ፦

ከስልክ አገልግሎት አንድ ነገር ልጨምር፣ ለካውንተርም ይሠራል። «ገመዱ ተሰክቷል?» ብትሉ መልሱ ሁሌም «አዎ፣ እንዴት እንደዚህ ትጠይቀኛለህ?» ነው። «ገመዱን ነቅለው ጫፉ ላይ አቧራ እንዳለ ይዩልኝ፣ ከዚያ 30 ሰከንድ ጠብቀው ይሰኩት» በሉ። ያልተሰካ ከነበረ ሳያፍር ይሰካዋል፤ ከተሰካም ሠላሳ ሰከንዱ የመሣሪያውን የውስጥ ኤሌክትሪክ አፍስሶ በደንብ ያስነሣዋል። የሚስጥር ቃል እንቢ ሲል «ተሳስተዋል» ሳይሆን «ካፕስ ሎክ አንዳንዴ ሳይነኩት ይበራል፣ መብራቱን ይዩልኝ»። ሞደሙ ላይ አንድም መብራት ከሌለ ደግሞ የክፍሉ መብራት ይበራ እንደሆነ ጠይቁ። መብራት በጠፋበት ቤት ኢንተርኔት የሚጠገንበት ጥሪ ከሚገመተው በላይ ነው።

የሥልጠና ሰው፦

እግዜር ይስጣችሁ። ሰማያዊ ቢላ፣ አለርጂውን ከዝርዝሩ አውጥቼ ለብቻው ክፍል አደርገዋለሁ። የመዝጊያ ሰዓቱና የሚሳደበው ሰው ቀሩ።

ጠረጴዛ ሰባት፦

በሩ ላይ አንድ ሰዓት ብቻ ስለሚለጠፍ ነው ጣጣው። ሁለት ጻፉ፦ «የመጨረሻ ትዕዛዝ 3፡30፣ መዝጊያ 4፡00»። ከመጨረሻው ትዕዛዝ 15 ደቂቃ ሲቀረው በየጠረጴዛው ዙሩና «ወጥ ቤቱ ሊዘጋ ነው፣ የሚጨምሩት አለ?» በሉ። ደንበኛ እያለ ወንበር አትገልብጡ፤ በሩን ግን ከውስጥ በሚከፈት መልኩ ዝጉ፣ አንድ ሰውም እዚያ ይቁም። ገብቶ ለተቀመጠው «ወጥ ቤቱ ተዘግቷል፣ የሚወሰድ ቀዝቃዛ መጠጥ ግን አለ» በሉት፣ የሚቻለውን ቀድሞ የሰማ ሰው ቶሎ ይነሣል።

ለሚሳደበው ሦስት ደረጃ አለ። መጀመሪያ ችግሩን መልሳችሁ ንገሩት፦ «አርባ ደቂቃ ጠብቀዋል፣ ትዕዛዝዎም ተሳስቷል»። ስድቡ ከቀጠለ ድርጊቱን በስሙ ጥሩ፦ «ልረዳዎ እፈልጋለሁ፤ እየሰደቡኝ ግን አልችልም»። ሦስተኛው ላይ አስተናጋጁ ከጠረጴዛው ይርቃል፣ ሥራ አስኪያጁ ይተካል። እጅ ከተሰነዘረ ግን ደረጃ የለም፣ በቀጥታ ጥበቃ ይጠራል። ሰዓቱን፣ የጠረጴዛ ቁጥሩንና የተባለውን ቃል በዚያው ፈረቃ መዝገብ ላይ ጻፉ፤ ሰውየው ነገ ቅሬታ ይዞ ሲመጣ አስተናጋጁ ባዶ እጁን እንዳይገኝ።