20-0-20 ነው ወይስ 24-0-24? ለሳሎን አምፕሊፋየር ዕቃ ልገዛ ነው (ጅማ)

ክራር ወዳጅ፦

ሰላም ለሁላችሁ። ጅማ፣ ፈረንጅ አራዳ አካባቢ ነኝ። ለሳሎን የሚሆን ባለ ሁለት ቻናል አምፕሊፋየር በእጄ ልሠራ ነው። ለሠርግና ለድንኳን አይደለም፤ ማታ ማታ ክራርና ማሲንቆ ጥርት ብሎ እንዲሰማኝ ብቻ ነው። ስፒከር አለኝ፤ 8 ኦም፣ 60 ዋት የሚል፣ የእንጨት ሳጥን ያለው የድሮ ጥንድ። ሳሎኑ አራት በአምስት ሜትር ቢሆን ነው።

ግራ ያጋባኝ የዕቃው መረጣ ነው። አንዱ ጓደኛዬ 2ኤስሲ5200 እና 2ኤስኤ1943 የሚባሉ ትራንዚስተሮች የተገጠሙበትን ተሠርቶ ያለቀ ቦርድ ግዛ ይለኛል። ሌላው ቲዲኤ7294 የሚባለው የአምፕሊፋየር አይሲ (ብዙ ክፍል በአንድ ቁራጭ የያዘ ዕቃ) ይበቃሃል ይላል። እኔ ሳነብ ደግሞ ኤልኤም3886 የሚባለውን ሌላ አይሲ የሚያመሰግነው ሰው በዛብኝ። አንድ ሱቅ ውስጥ 24-0-24 (ከመሃል ሽቦው በየጎኑ 24 ቮልት የሚሰጥ) ትራንስፎርመር አይቻለሁ፤ ከባድ ነው፣ ጥሩ ይመስላል፣ ገና አልገዛሁትም። የቤታችንን መብራት በቴስተር ስለካው ምሽት ላይ ሰፈሩ ሁሉ ምጣድ ሲጥድ 190 ቮልት ይወርዳል፤ ከእኩለ ሌሊት በኋላ 240 ይደርሳል።

ብሬ ለሁሉም አይበቃም። የቱ ላይ ጥሩ ዕቃ ልግዛ፣ የቱ ላይ ልቆጥብ?

ባለ ቴስተሩ፦

ወንድሜ፣ መብራቱን ለክተህ መምጣትህ በጣም ደስ ብሎኛል። የመልሱ ግማሽ እዚያው ውስጥ ነው። እኔ ሂርማታ አጠገብ ቴፕና አምፕሊፋየር ስጠግን የኖርኩ ሰው ነኝ። ተቃጥሎ የሚመጣልኝ አምፕሊፋየር አብዛኛው የሚሞተው በፓወር ሰፕላይና በሙቀት ነው፤ ሰዉ ግን የሚጠይቀኝ ሁልጊዜ ስለ ትራንዚስተሩ ነው። ስለዚህ ብርህን በዚህ ቅደም ተከተል አውጣ፦ ትራንስፎርመር፣ ሂትሲንክ (ሙቀት የሚያስወጣው ባለ ክንፍ ብረት)፣ የፓወር ካፓሲተር (ኃይል የሚያጠራቅመው)። አይሲው ከዚያ በኋላ ይመጣል።

ያንን 24-0-24 ተወው። 24 ቮልት ኤሲ (ተለዋዋጭ) በዳዮድ ወደ ዲሲ (ቀጥተኛ) ተለውጦ ካፓሲተር ሲሞላ በ1.41 ይባዛል፤ ዳዮዱ 1 ቮልት ያህል ይወስዳል፤ በየጎኑ 33 ቮልት ገደማ ይቀርሃል። ይህ ግን መብራቱ 220 ሆኖ ትራንስፎርመሩም እየሠራ ሲሆን ነው። ዘፈኑ ሲቆምና ጭነት ሲቀንስ ትራንስፎርመሩ በራሱ 8 በመቶ ያህል ከፍ ይላል። በዚያ ላይ ሌሊት 240 ሲመጣብህ ሌላ 9 በመቶ ይጨመራል። ተደማምሮ በየጎኑ 39፣ ከፖዘቲቭ እስከ ኔጋቲቭ 78 ቮልት ገባህ ማለት ነው። ኤልኤም3886 ሲግናል እያለው የሚችለው 84 ነው። ቲዲኤ7294ም የሥራ ወሰኑ በየጎኑ 40 ነው። ሁለቱንም ገደል አፋፍ ላይ አቁመህ ዘፈን ልታዳምጥ ነው።

20-0-20 ፈልግ፤ አቅሙ ከ160 እስከ 200 ቪኤ (የትራንስፎርመር አቅም መለኪያ) ይሁን። በ220 በየጎኑ 27 ቮልት ይሰጥሃል፤ ሌሊት ቢበዛ 32 ይደርሳል፤ ምሽት በ190 ደግሞ 23 ተኩል ላይ ይቆማል። ወደ ዋት ስትለውጠው፣ በ27 ቮልት 8 ኦም ላይ 35 ዋት ገደማ፣ በ23 ተኩል 26 ዋት ገደማ ነው። ከ35 ወደ 26 መውረድ 1.3 ዴሲቤል ብቻ ስለሆነ ጆሮህ እምብዛም አይለየውም። በአራት በአምስት ሳሎን ውስጥ ደግሞ ብዙውን ሰዓት የምትጠቀመው ከ2 እና 3 ዋት አያልፍም።

ተሠርቶ የሚሸጥ ካጣህ ሞተር የሚጠመጥሙ ልጆች ዘንድ አስጠምጥም፤ ቮልቱንና ቪኤውን በወረቀት ጽፈህ ስጣቸው። ከተጣለ ዩፒኤስ የወጣ ትራንስፎርመር ግን አትቀበል። እሱ የተሠራው መብራት ሲጠፋ ለጥቂት ደቂቃ እንዲሠራ ነው፤ የዝቅተኛው ጎን ቮልትም የተመጠነው ለባትሪ ነው። የዩፒኤሱን ሂትሲንክ ግን ካገኘህ አትልቀቀው።

ሙቀቱን አሁኑኑ በወረቀት ላይ አስላው። የሁለቱን ጎን ቮልት ደምረህ በራሱ አባዛ፤ ያንን ለ19.7 እና ለስፒከርህ ኦም ብዜት አካፍል። አይሲው በክፉ ሰዓት የሚተፋው ሙቀት እሱ ነው። በ54 ቮልት 18 ተኩል ዋት ይመጣል፤ በ78 ቮልት 38 ተኩል። ከእጥፍ በላይ! ኤልኤም3886 ሲግልበት ራሱን ለማዳን ድምፁን ይቆራርጠዋል፤ ሰው ግን ስፒከሩ የተቀደደ ይመስለዋል። ለሁለቱ ቻናል የምትገጥመው ሂትሲንክ በአንድ ዋት ከ1 ዲግሪ በላይ የማይሞቅ ይሁን። ጅማ ከባሕር ወለል ከ1,700 ሜትር በላይ ስለሆነች አየሩ ስስ ነው፤ ሙቀት የመውሰድ አቅሙም ቀነስ ይላል። ክንፎቹን ወደ ላይ አቁመህ ግጠመው፤ ሳጥኑን ከላይም ከታችም ብሳው። የአይሲው የጀርባ ብረት ከኔጋቲቩ ጋር የተያያዘ ስለሆነ ማይካ (ኤሌክትሪክ የማያሳልፍ ስስ ንጣፍ) ሳታስገባ ከሂትሲንኩ ጋር አትሰረው። ኤልኤም3886ቲኤፍ የሚባለው ጀርባው ፕላስቲክ ነው፤ እሱ ማይካ አይፈልግም።

የቂጦዋ፦

ጋሼ፣ ስለ ትራንስፎርመሩ ያሉት ላይ የምጨምረው የለኝም። ስለ አይሲው ግን አንድ ነገር ልበል።

ክራር ወዳጅ፣ 2ኤስሲ5200 ኦሪጅናሉ 230 ቮልት፣ 15 አምፔር፣ 150 ዋት የሚችል ግሩም ትራንዚስተር ነው። ለ35 ዋት ግን አያስፈልግህም። በዚያ ላይ በዓለም በብዛት ፎርጅድ ከሚሠራባቸው ትራንዚስተሮች አንዱ እሱ ነው። ርካሽ ቦርድ ላይ ተገጥሞ የሚመጣውን እኔ አላምነውም። ቂጦ ፉርዲሳ (የጅማ ዩኒቨርሲቲ የቴክኖሎጂ ግቢ) እየተማርኩ ሳለሁ የሞቱትን በፒንሳ እየሰበርን ውስጣቸውን እናይ ነበር፤ ኦሪጅናሉ ውስጡ ሰፋ ያለ የሲሊከን ቁራጭ አለው፣ ፎርጅዱ ውስጥ የምታገኘው ኢምንት ነው።

ኤልኤም3886ም ከፎርጅድ አላመለጠም። እዚህ ወይም አዲስ አበባ መርካቶ የምታምነው ሰው ኦሪጅናሉን ካመጣልህ እሱን ግዛ። ካልሆነ ግን እውነተኛ ቲዲኤ7294 ከፎርጅድ 3886 በብዙ ይሻልሃል። 7294 ድምፅ መዝጊያና መቆያ እግሮች ስላሉት ስታበራና ስታጠፋ ስፒከሩ «ጧ» እንዳይል ማድረግ ቀላል ነው። ጋሼ፣ እርስዎ 3886ን እንደሚያስቀድሙ እገምታለሁ፤ ግን በዚህ ሳሎን በዚህ ስፒከር ልዩነታቸውን በጆሮ የሚለይ ሰው ያለ አይመስለኝም።

በጣም የምለምንህ የስፒከር መከላከያውን እንዳትዘለው ነው። ዩፒሲ1237 አይሲና ሬሌይ (በኤሌክትሪክ የሚሠራ ማብሪያ ማጥፊያ) ያለበት ትንሽ ቦርድ አለ፤ አምፕሊፋየሩ ተበላሽቶ ዲሲ ቢለቅ ስፒከሩን ይቆርጥልሃል። እነዚያ የድሮ ስፒከሮች ከተቃጠሉ ከየት ትተካቸዋለህ?

ባለ ቴስተሩ፦

እህቴ፣ እውነትሽን ነው። 3886ን እወደዋለሁ፤ ኦሪጅናሉ ከሌለ ግን 7294 ይሁን።

ክራር ወዳጅ፦

ሁለታችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ዛሬ ዞሬ 20-0-20 አጣሁ፤ 18-0-18፣ 200 ቪኤ ግን አለ። እንዲሁም 10,000 ማይክሮፋራድ፣ 50 ቮልት የሚል ካፓሲተር በጣም በርካሽ አገኘሁ፤ ቀጠን ያለ ነው፣ ከትንሹ ጣቴ እምብዛም አይወፍርም። ልግዛው? ሬዚስተርና የድምፅ መቆጣጠሪያስ?

ባለ ቴስተሩ፦

18-0-18ቱን ግዛው። በየጎኑ 24 ተኩል፣ 27 ዋት ገደማ ይሰጥሃል፤ ምሽት በ190 20 ዋት አካባቢ ይቀርልሃል፤ ይበቃል።

ካፓሲተሩን አትግዛው። እውነተኛ 10,000 በ50 ቮልት ውፍረቱ ከ25 እስከ 35 ሚሊሜትር ነው፤ በትንሽ ጣት ልክ ውስጥ አይገባም። ቴስተርህ ማይክሮፋራድ የሚለካ ከሆነ ሱቁ ውስጥ ለካው፤ ሐቀኛ ነጋዴ አይከለክልህም። በየጎኑ አንድ እውነተኛ 10,000 ይበቃል፤ 2 አምፔር ሲጎተት የቮልቱ መዋዠቅ 2 ቮልት ገደማ ነው፤ አይሲው እሱን ይችለዋል። ዳዮዱ ባለ 35 አምፔር ብሪጅ (አራት ዳዮድ በአንድ ላይ) ይሁን፤ ዋጋው ትንሽ ነው፣ ብረቱም ከሳጥኑ ጋር በቡሎን ይታሰራል።

ቆጥብ ያልኩህ እዚህ ጋ ነው። ሬዚስተር ተራ ሜታል ፊልም፣ 1 በመቶ የሚለው በቂ ነው። ወርቅ የተቀባ ሶኬት አያስፈልግህም። መግቢያው ላይ 1 ማይክሮፋራድ የፊልም ካፓሲተር ከ22 ኪሎ ኦም ጋር አድርግ፤ እስከ 7 ኸርዝ ያወርድሃል፤ ክራር እዚያ አይደርስም። የድምፅ መቆጣጠሪያው ላይ ግን አትሰስት። ርካሹ ድምፅ ዝቅ ሲል ግራና ቀኙን እኩል አይሰጥም፤ አንተ ደግሞ ማታ ዝቅ አድርገህ ነው የምትሰማው።

ሶልደር ብቻ፦

አንድ ነገር ልጨምር። መጀመሪያ ስታበራው በቀጥታ ሶኬት ላይ አትሰካው። ባለ 60 ወይም ባለ 100 ዋት የድሮ ክር ያለው አምፖል በፌዙ ላይ በተከታታይ አስገባ። አምፖሉ ለአፍታ በርቶ ከደበዘዘ ደህና ነው፤ በርቶ ከቀረ ሾርት አለ፣ ወዲያው ንቀልና ፈልግ። ስፒከሩን ከማገናኘትህ በፊት የመውጫውን ዲሲ በቴስተር ለካ፤ ከ50 ሚሊቮልት ካለፈ አትሰካ። ቤትህ ኧርዝ (የመሬት መስመር) ላይኖረው ይችላል፤ ስለዚህ የ220ውን ሽቦ በደንብ ሸፍነህ ከሲግናሉ አርቀው፣ ግራውንዶቹን ሁሉ በካፓሲተሮቹ መሃል አንድ ነጥብ ላይ ሰብስብ፤ ስፒከሩ ላይ የሚሰማው እዝዝታ ብዙውን ጊዜ እዚያው ይሞታል።