የምኒልክ የክተት አዋጅ፦ ልመና ነው ወይስ ማስፈራሪያ?

መምህሩ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ዐሥራ አንደኛ ክፍል አማርኛ አስተምራለሁ። ባለፈው ሳምንት ዐፄ ምኒልክ ጣሊያንን ለመውጋት ያስነገሩትን የ1888 ዓ.ም. የክተት አዋጅ ሰሌዳ ላይ ጻፍኩት። አንዷ ተማሪዬ «ቲቸር፣ ንጉሥ ሆኖ ምን ያለማምጠዋል?» አለችኝ። «አንተም እስካሁን አላስቀየምኸኝም» የሚለውን ማለቷ ነው። ከኋላ የተቀመጠው ልጅ ደግሞ «የት ተለማመጠ? ያስፈራራል እንጂ!» ብሎ «አልተውህም» የሚለውን አሳየን። ደወል አዳነኝ። ሰኞ መልስ ይዤ መግባት አለብኝ፤ እስቲ አግዙኝ።

የወሎ ልጅ፦
ቲቸር፣ ሁለቱም ልክ ናቸው። ግን መጀመሪያ ማን ሲሰማው እንደነበር ንገራቸው። ሰዉ ከክፉ ቀን ገና ማገገሙ ነው። ከብቱ በበሽታ አልቋል፣ ረሃቡ ገና አልተረሳም። እንዲህ ያለውን ሰው «ተነሥ ዝመት» ማለት ይከብዳል። ስለዚህ ንጉሡ ሰዉ በሆዱ የያዘውን ቀድመው ራሳቸው ያነሡታል፤ ድካምህን፣ የከብትህን ማለቅ አይቼ ታገሥኩ ይላሉ። ከዚያ ነው ጠላት «እንደ ፍልፈል መሬት ይቆፍር ጀመር» የሚሉት።

ፍልፈል! አያቴ ጓሮዋ ድንች ትተክል ነበር። ጠዋት ወጥታ አዲስ የአፈር ቁልል ካየች ያን ቀን የሚያናግራት የለም። ቅጠሉ ከላይ ለምለም ነው፤ ሳብ ስታደርገው ሥሩ የለም። ገበሬ ይህን ያውቃል። ከጣሊያን ጋር ስላጣላው ስለ ውጫሌ ውል አንቀጽ 17 ቢያወሩለት ኖሮ ማን ልብ ይለው ነበር?

ደግሞ አዋጁ በነጋሪት የሚነገር እንጂ የሚነበብ አልነበረም። ለዚያ ነው ዓረፍተ ነገሩ አጫጭር የሆነው። «እናንተ» አይልም፣ «አንተ» ነው የሚለው። ገበያ መሃል የቆመው ሰው ሁሉ ለብቻው የተጠራ ይመስለዋል። ጉልበት የሌለውም በሐዘኑ እንዲረዳ ድርሻ ተሰጥቶታል። ወስልቶ ለሚቀረው ግን «ማርያምን!» ብለው ማሉ፤ አማላጅም የለም። መጨረሻ ላይ ቦታና ቀን፦ ወረኢሉ፣ ጥቅምት። (የእኛ አገር ስለሆነ አይደለም ያነሣሁት። ትንሽ ነው።)

ተጠራጣሪው፦
ኧረ ቃሉን አታጋንኑት። መሬት የያዘው ወታደር መዝመት ግዴታው ነበር። አዋጁ ባያምርም ይወጣ ነበር።
ይልቅ ከጄኔቩ ንግግር ጋር አነጻጽሩት። ሰኔ 23 ቀን 1928 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በመንግሥታት ማኅበር ፊት በአማርኛ ተናገሩ። የጣሊያን ጋዜጠኞች ፉጨት ለቀቁባቸው። እሳቸው ጸጥታው እስኪመለስ ቆመው ጠበቁ። የመርዝ ጋዙን ነገር አንድ በአንድ ዘረዘሩ፤ ለሕዝቤ ምን መልስ ይዤ ልመለስ ብለውም ጠየቁ። ሁለት ሳምንት ገደማ እንዳለፈ በጣሊያን ላይ የተጣለው ማዕቀብ ተነሣ። ያ ንግግር ምን ጎደለው? ምንም። «አልተውህም» ማለት የሚችል ሰው አልነበረም ከኋላው።

የወሎ ልጅ፦
እሱስ እውነት ነው። ግን ግዴታ ሰውን ወረኢሉ ድረስ ያደርሳል እንበል። ዓድዋ ድረስ ግን መንገዱ ረጅም ነው፣ ወንድሜ።

መምህሩ፦
ተባረኩ። ሰኞ ልጅቷን ወንበር ላይ አቁሜ ጮክ ብላ እንድታነበው አደርጋለሁ፤ የኋለኛው ልጅ ደግሞ በር ላይ ቆሞ ይስማት። የፍልፈሉን ነገር ግን እኔ ነኝ የማወራው፣ የአያትህን ድንች ልዋስህ።