በሌሊት የሚያልፉ ወፎችን እናዳምጥ፦ የመስከረም ዕቅድ

ጸሐፊ፦ ሰላም ለሁላችሁ፣ ፕሮፖዛሉ አርብ ይገባል። እስካሁን የተያዘው ጀልባ ተከራይተን ሌሊት ጣና ሐይቅ ዳር ወዳለው ጭምባ መሄድና ሪከርደር መግዛት ነው፣ በጀቱ ግን ከበደን።

ከሽምብጥ (ባሕር ዳር)፦ ጀልባው ይቅር ባይ ነኝ። ሌሊት መንቀሳቀሱ ራሱ ከባድ ነው፣ ሐይቁ ላይ ደግሞ ጉማሬ አለ። ወፎቹ እኮ በየቤታችን ጣራ ላይ ነው የሚያልፉት፣ አምና መስከረም ላይ ዝናቡ ሲያባራ ግቢ ወጥቼ ቁጭ ብዬ ከጨለማው ውስጥ ትዩ ትዩ ትዩ የሚል ሶስት ፉጨት ሰማሁ፣ ግሪንሻንክ የምትባለው እግረ ረጅም የውሃ ዳር ወፍ ነበረች፣ ከሰሜን አውሮፓ ወይ ከሩሲያ ተነስታ እኛ ሰፈር ላይ ስታልፍ ሰውነቴን ነው የወረረኝ። በ1896 እ.ኤ.አ. ዊስኮንሲን፣ አሜሪካ ኦሪን ሊቢ የሚባል ሰው ኮረብታ ላይ ሆኖ በአንድ ሌሊት 3,800 ድምፅ ቆጥሯል፣ በጆሮው ብቻ። እኛም ከየግቢያችን እናዳምጥ።

ተማሪዋ፦ ጋሼ ለምን በሌሊት እንደሚሄዱም ይግባ።

ከሽምብጥ፦ አስገቢው የኔ ልጅ። ሌሊት አየሩ ቀዝቃዛና የተረጋጋ ነው፣ ጭልፊት ብዙም አያሰጋቸውም፣ ኮከብ አይተው አቅጣጫ ይይዛሉ፣ ቀን ደግሞ ወርደው ይበላሉ። ሽመላ ግን የቀኑን ሞቃት አየር ተሳፍሮ ስለሚሄድ አንሰማውም።

ከዘጌ፦ የመስቀል ወፍስ?

ተማሪዋ፦ እሱ ከሩቅ አይመጣም፣ እዚሁ ኖሮ ላባውን ሲቀይር ነው ልብ የምንለው።

ከዘጌ፦ እሺ፣ እኛ ጋ ግን እንቁራሪቱ ጆሮ አያሰማም።

ከሽምብጥ፦ ባልዲ ውስጥ ጨርቅ አንጥፈህ ስልክህን አስቀምጠውና ሪከርድ በለው፣ የባልዲው ግድግዳ የጎኑን ድምፅ ይከልልሃል፣ ከላይ የሚመጣው ይገባል። አንድ ነገር ግን አደራ፣ መብራት። ሰማዩ በደመና ሲሸፈን ወፎቹ ወደ መብራት ይሳባሉ፣ ሲዞሩ ያድሩና ይደክማሉ፣ ዳር ዳር ያሉት ሆቴሎች የውጭ መብራታቸውን ለዛ ሌሊት እንዲያጠፉ ደብዳቤ እንጻፍ። ጣናን ዩኔስኮ በ2007 ዓ.ም. ባዮስፌር ሪዘርቭ (ሰውና ተፈጥሮ ተስማምተው የሚኖሩበት ጥብቅ ቦታ) ብሎ መዝግቦታል፣ እሱን ጥቀሱ።

ጸሐፊ፦ በቃ ጀልባውንም ሪከርደሩንም አወጣሁ። በእንቁጣጣሽና በመስቀል መሃል ሁለት ሌሊት፣ ከሌሊቱ 9 እስከ 11 ሰዓት፣ ማህሌት የሌለበት ቀን ይመረጥ። የሆቴሎቹን ደብዳቤ ማን ይጽፋል?

ተማሪዋ፦ እኔ። ብቻ ርዕሱን «የሌሊት ወፍ» እንዳትሉት፣ ቢሮ ያሉት ሌላ ነገር ይመስላቸዋል።