ጥቆማ፦ ጓንግዡ ላይ ኩንግፉ፤ ሽመላ ነኝ ወይስ ነብር?

ሰላም_ከጓንግዡ፦
ሰላም ለዚህ ቤት። ጓንግዡ ማስተርሴን እየተማርኩ ነው። ቀኑን ሙሉ ላፕቶፕ ላይ ተጎልቼ ጀርባዬ አለቀ። ስለዚህ ኩንግፉ ልጀምር ብዬ ቆርጫለሁ። ባለፈው ሳምንት «የትኛው እንስሳ ነሽ» የሚል መጠይቅ ሞላሁ። ሽመላ ወጣሁ። ታጋሽ፣ የተረጋጋች፣ ርቀቷን የምትጠብቅ ይላል። ለክፍል ጓደኛዬ ሳሳያት በሳቅ ሞተች። በትንሽ በትልቁ ቱግ የምል ሰው ነኝ። «አንቺማ ነብር ነሽ» አለችኝ።

ሦስት አማራጭ አለኝ። ዩዌሺዩ ፓርክ ውስጥ ጠዋት ጠዋት ሁንግ ጋር የሚያሠሩ አንድ ሽማግሌ አሉ፤ በወር 300 ዩዋን። ጎረቤት ከተማ ፎሻን ደግሞ የነብርና የሽመላ ስልት የሚያስተምር ቤት አግኝቻለሁ፤ በወር 800። ሦስተኛው ሰፈሬ ሜትሮ ጣቢያው አጠገብ ያለ የዊንግ ቹን ክፍል ነው። ኤሲ አለው፣ ሻወር አለው፣ 1,200 ነው። የሞከረ ካለ ይጠቁመኝ። ለባሕርዬ የቱ ይሄዳል?

ቡልቡላ_ልጅ፦
ለክብደት ከሆነ ዋና ይሻልሻል።

ሰላም_ከጓንግዡ፦
ክብደት የሚል ቃል አልጻፍኩም እኮ።

ቡልቡላ_ልጅ፦
እሺ፣ ግን ዋና ለጀርባም ጥሩ ነው።

የሲፉ_ደቀመዝሙር፦
እህቴ፣ ምን ያስጨንቅሻል? ዊንግ ቹን ግቢ። አለቀ። እኔ አራት ዓመት ሠርቻለሁ። እንደኔ ሲፉ፣ መምህሬን ማለቴ ነው፣ ያለ ሰው ጓንግዡ ውስጥ የለም። ኢፕ ማን እኮ የፎሻን ልጅ ነው። እ.ኤ.አ. በ1893 ተወልዶ፣ በኋላ ሆንግ ኮንግ ገብቶ ብሩስ ሊን ያስተማረ ሰው። ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ ትፈልጊያለሽ?

ሜክሲኮ_አደባባይ፦
ኃይሌ የአሰላ ልጅ ስለሆነ አሰላ ያለ ጂም ሁሉ አንደኛ ነው እንደማለት ነው። ልጅቷ የጠየቀችው ሰፈሯ ስላለው ክፍል ነው።

የሲፉ_ደቀመዝሙር፦
የኔን ሲፉ ስላላየኸው ነው።

ተቃጥያለሁ፦
«ኤሲ፣ ሻወር» የሚለውን ሳነብ ደሜ ፈላ። እኔም እንደዛ ዓይነት ቤት ነው የገባሁት። ሌላ ከተማ ነው፣ ስም አልጠራም። «የዓመት ካርድ ከገዛህ በግማሽ ዋጋ» አሉኝ። 5,400 ዩዋን በአንዴ ከፈልኩ። ልብስ ሰጡኝ፣ ፎቶ አነሱኝ፣ ፎቶውን አሳድገው ግድግዳ ላይ ሰቀሉት። ብቸኛው ሐበሻ ስለነበርኩ ማስታወቂያ ሆንኩላቸው። በዘጠነኛው ሳምንት ሐሙስ ማታ ስሄድ በሩ በሰንሰለት ታስሯል። መስታወቱ ላይ አንድ ነጭ ወረቀት ተለጥፏል። በስልኬ ሳስተረጉመው «ለእድሳት ዝግ ነው» ይላል። አጮልቄ ወደ ውስጥ ሳይ ምንጣፉ ሳይቀር ተነቅሏል። የቀረው የኔ ፎቶ ብቻ ነው። ጣቶቼን ገጥሜ የሽመላ ምንቃር ሠርቼ፣ ጥርሴን ፈልቅቄ።

ሀና_ሼንዠን፦
ወይኔ! ስንት ወር ቀረህ ነበር?

ተቃጥያለሁ፦
አሥር ወር ገደማ። ሥራ አስኪያጁ ዊቻቱ ላይ አግዶኛል።

ካዛንቺስ_ነባሩ፦
እኔ የፀጉር ቤት ካርድ እንደዚሁ ተበልቻለሁ። 20 ጊዜ ብዬ ከፍዬ ሦስቴ ነው የተቆረጥኩት።

ሀና_ሼንዠን፦
እኔም የዮጋ። ይሄ ነገር ልማድ ሆኗል ማለት ነው።

ሜክሲኮ_አደባባይ፦
ደረሰኝ ያለው ሰው 12315 ይደውል። የቻይና የሸማቾች አቤቱታ መቀበያ ነው። ቻይንኛ የሚችል ሰው አጠገባችሁ ይሁን። በዊቻት የከፈላችሁበትን ታሪክ እንዳታጠፉ።

ተቃጥያለሁ፦
ደረሰኝ አልተሰጠኝም። ፎቶ ነው የተሰጠኝ።

ሰላም_ከጓንግዡ፦
በጣም ያሳዝናል፣ አይዞህ። ግን ወደ ጥያቄዬ ልመልሳችሁ። ሁንግ ጋር የሚያውቅ የለም?

አራዳው_ከፒያሳ፦
መጀመሪያ ሁንግ ማነው? ከሁንግ ጋር ምን ልትሠሪ ነው? ቤተሰብ ያውቃል?

ቃል_በቃል፦
«ጋር» በካንቶንኛ ቤተሰብ ማለት ነው። የሁንግ ቤተሰብ ስልት። አሁን ቀልዱን ተወውና ዋናው ችግር ሌላ ነው። ልጅቷ «ነብር» ስትል የቱን ነው? የኛ ነብር ባለ ነጠብጣቡ ነው። ኤርምያስ ላይ ዝንጉርጉርነቱን የማይለውጠው እሱ ነው። ባለ መስመሩ ታይገር አገራችን ስለሌለ ስም አላወጣንለትም፤ እሱንም ነብር እያልን አለፍን። በደቡብ ቻይና ኩንግፉ ግን አምስቱ እንስሳት ሲባል ባለ መስመሩም ባለ ነጠብጣቡም ለየብቻ አሉ። ከነሱ ሌላ ሽመላ፣ እባብና ድራጎን። ባለ መስመሩ ጣቱን ከፍቶ እንደ ጥፍር ያጎብጣል፣ ይዞ ይቦጭቃል። ባለ ነጠብጣቡ ጣቱን በግማሽ አጥፎ በአንጓው ይመታል፤ ፈጣን ነው። ስለዚህ ጓደኛሽ የትኛውን ነው ያለችሽ?

ካዛንቺስ_ነባሩ፦
ባለ ነጠብጣቡ ግስላ ነው።

ቃል_በቃል፦
ግስላ ጥቁሩ ነው።

ካዛንቺስ_ነባሩ፦
አያቴ አዳኝ ነበሩ። ጥቁሩ ግስላ ነው ብለው አያውቁም።

ቃል_በቃል፦
አያትህን አከብራለሁ፣ መዝገበ ቃላት ግን አላዘጋጁም።

ካዛንቺስ_ነባሩ፦
አያቴን ተው።

ሀና_ሼንዠን፦
እባካችሁ። እኔ እ.ኤ.አ. በ1992 ጃንዋሪ ነው የተወለድኩት። የጦጣ ዓመት ነው። የጦጣ ስልት የሚባል አለ አሉ፣ እሱ ይሆነኛል?

ሜክሲኮ_አደባባይ፦
የጦጣ ስልት እውነት አለ፤ መሬት ላይ መንከባለል፣ መዝለል ይበዛዋል። ግን የዓመቱ እንስሳትና የኩንግፉ እንስሳት የተለያዩ ናቸው። ከአሥራ ሁለቱ የዓመት እንስሳት ውስጥ ሽመላ የለም፣ ያቺ እጇን እንደ ጸሎተኛ የምታጥፈው ማንቲስም የለችም። ደግሞ በጃንዋሪ የቻይና አዲስ ዓመት ገና አልገባም ነበር። ያለፈው ዓመት ነው የሚቆጠርልሽ። በግ ነሽ።

አራዳው_ከፒያሳ፦
የበግ ስልት! ዩዌሺዩ ፓርክ ውስጥ አምስት ፍየሎች ሐውልት ላይ ቆመዋል፤ የከተማዋ ምልክት ናቸው። ለፍየሎቹ አመልክቺ፣ ዘመድ ናቸው። ምዝገባ ነጻ ነው፣ ሣር ይዘሽ ሂጂ።

ሀና_ሼንዠን፦
😂 ቆይ አንተ ምን ወጣህ?

አራዳው_ከፒያሳ፦
እኔ መጠይቁን ስሞላ «ከአቅም በላይ» አለኝ።

ፀሐይ_ነኝ፦
ሰላም፣ አንድ ነገር ልጨምር። የፉጂያን ነጭ ሽመላ የሚባለው ስልት በአፈ ታሪኩ የጀመረችው ሴት ናት፣ ፋንግ ቺኒያንግ ትባላለች። አባቷ ያስተማሯት ልጅ ናት። አንድ ሽመላ መጥቶ ሲያርፍ በሸንበቆ ልታባርረው ትሞክራለች። በነካችው ቁጥር ሽል ይላል፣ ሸንበቆውን በክንፉ ይመልሳል፣ በምንቃሩ ይነካል። በጉልበት አልሆን ሲላት ቁጭ ብላ አጠናችው ይባላል። ዊንግ ቹንም እባብና ሽመላ ሲጣሉ ያየች ንግ ሙይ የምትባል መነኩሲት ጀመረችው ይላሉ። ስለዚህ ሽመላ ብሎ የነገረሽ መጠይቅ ሽመላን የዋህ ማድረጉ አልገባኝም። ዓይን የሚወጋ ወፍ እኮ ነው። ለነገሩ የሰባት ዓመት ልጅ አለኝ፣ ጓንግዡ የልጆች ክፍል የት ጥሩ ነው?

የሲፉ_ደቀመዝሙር፦
አያችሁ? ዊንግ ቹን ውስጥ እባብም ሽመላም አለ። ሁለት በአንድ። ለልጅሽም የኔ ሲፉ ጋ ላኪው።

የጭነት_ሰው፦
ልጆች፣ አሁን ነው ያየሁት። ጓንግዡ 14 ዓመት ኖሬያለሁ፤ ሥራዬ ጭነት ነው። ስድስቱን ዓመት ጠዋት ጠዋት ፓርክ ውስጥ ሁንግ ጋር ሠርቻለሁ። አንቺ ያልሻቸው ሽማግሌ የኔ መምህር ይሁኑ አይሁኑ አላውቅም። እዚያ አካባቢ የሚያሠራ ብዙ ነው።

ልጄ፣ እንስሳ አትመርጪም። መጀመሪያ የምትማሪው ፈረስ ነው፤ እሱም አቋም ነው። እግርሽን ከፍተሽ፣ ወንበር እንደሌለው ሰው ቁጭ ብለሽ ትቆሚያለሽ። የመጀመሪያ ሳምንት አንድ ደቂቃ ሳይሞላኝ ጭኔ እንደ ልብስ ስፌት መኪና ይንቀጠቀጥ ነበር። ነብሩና ሽመላው ከዚያ በኋላ ነው የሚመጡት። ሁለቱ ደግሞ አንድ ፎርም፣ ማለትም አንድ የተያያዘ የእንቅስቃሴ ቅደም ተከተል ውስጥ ናቸው፤ ነብርና ሽመላ ጥንድ ይባላል። ነብሩን ወስጄ ሽመላውን ልተወው የሚባል ነገር የለም።

የድሮዎቹ እያንዳንዱ እንስሳ አንድ ነገር ያሠለጥናል ይላሉ። ባለ መስመሩ አጥንት፣ ባለ ነጠብጣቡ ጉልበት፣ እባብ ትንፋሽ፣ ድራጎን መንፈስ፣ ሽመላ ጂንግ የሚሉትን፤ የተቆጠበ ኃይል በሉት። አዎ፣ መምህራን የሰውን ባሕርይ ያያሉ። ግን እኔ እንደደረሰብኝ ከሆነ በተቃራኒው ነው። እኔ ችኩል ነኝ። ኮንቴይነር ሲዘገይ የምጮኽ ሰው ነኝ። ሽማግሌው ለሦስት ወር በአንድ እግር አቆሙኝ። ነብሩን መቼ ነው ብዬ ብጠይቅ «እሱንማ ይዘኸው ነው የመጣኸው» አሉኝ። የነብር ጥፍር ስሠራ አውራ ጣቴ ወደ ውጭ ይሾልካል። እሳቸው ኪሳቸው ውስጥ ቾፕስቲክ አላቸው። በጫፉ ጣቴን ጠቅ። ምንም አይናገሩም። ጠቅ። እስከዛሬ የኮንቴይነር ወረቀት ስፈርም ሳላውቀው አውራ ጣቴን እሰበስባለሁ።

ዋጋውን በተመለከተ፣ 300 ለፓርክ ደህና ነው። ሲዘንብ ግን የለም። በሰኔና በሐምሌ ዝናብ ስንት ቀን እንደሚቀርብሽ አስቢ። ፎሻን ጥሩ ነው፣ ግን እዚህ ጓንግዡ ካለው ሺያዎቤይ ሰፈር እስከ ፎሻኑ ዙሚያዎ ጣቢያ በሜትሮ አንድ ሰዓት ገደማ ነው። ደርሶ መልስ ሁለት። ብዙ ሰው የሚያቆመው መንገዱ ሰልችቶት ነው። ባትመዘገቢም አንድ ቀን ሂጂ። ዙሚያዎ መቅደሱ ግቢ ውስጥ የታወቀው የሁንግ ጋር መምህር የዎንግ ፌይ ሁንግ መታሰቢያ አለ፣ የአንበሳ ጭፈራም ያሳያሉ። ዎንግ ሐኪም ነበር፣ ስብራት ያክም ነበር። ነብርና ሽመላን በመጽሐፍ ያወጣው ደግሞ ተማሪው ላም ሳይ ዊንግ ነው። እሱ ሥጋ ሻጭ ነበር።

አራዳው_ከፒያሳ፦
ስሙ ላም፣ ሥራው ሥጋ ቤት። ጋሼ፣ ይህን እርስዎ ነዎት የፈጠሩት።

የጭነት_ሰው፦
እውነቴን ነው። ግን የአሳማ ሥጋ ነው።

ሰላም_ከጓንግዡ፦
ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ! የመጀመሪያው እውነተኛ መልስ ነው። ክንድ ለክንድ ማጋጨት አለ ሲሉ ሰማሁ፣ ያማል እንዴ?

የጭነት_ሰው፦
ያማል። ሦስት ኮከብ ይሉታል። ከጓደኛሽ ጋር ክንድ ለክንድ ሦስት ቦታ ታጋጫላችሁ። የመጀመሪያው ወር ክንዴ እንደበሰለ ፕሪም ሆኖ ነበር። ከዚያ ዲት ዳ ጃው ትቀቢያለሽ፤ ዕፅ በአልኮል የተዘፈዘፈ ነው። የመምህሩ ራሳቸው የሚያዘጋጁት ይሻላል ይላሉ ሁሉም። እኔ ግን ከፋርማሲ ዠንግ ጉ ሹይ ነው የምገዛው፤ የጓንግሺ ምርት ነው። ሽታው ለሁለቱም ያው ነው። አንድ ጠዋት ተቀብቼ ታክሲ ስገባ ሹፌሩ መስኮቱን ሁሉ ከፈተው። በጠዋቱ የጠጣሁ መስሎት። ክፍት ቁስል ላይ እንዳትቀቢ፣ እሳት አጠገብም እንዳታስቀምጪው።

ተቃጥያለሁ፦
እኔም የገዛሁት አለኝ። ሁለት ጠርሙስ፣ ያልተከፈተ። በግማሽ ዋጋ።

ሀና_ሼንዠን፦
ጫማስ? ፌይዩኤ ወይስ ዋሪየር?

ሜክሲኮ_አደባባይ፦
ፌይዩኤ። ሶሉ ቀጭን ነው፣ መሬቱ ይሰማሻል። ሻውሊን ያሉ ልጆችም እሱን ያደርጋሉ። ሲሚንቶ ላይ ከሆነ ግን ጉልበት ይጎዳል፣ ውስጡ ሶል ጨምሪበት። ዋሪየር ለመንገድ ነው።

ቡልቡላ_ልጅ፦
ጋሼ፣ አዲስ አበባ የሚመጣ ጭነት ካለዎት አንድ ፌይዩኤ 43 ቁጥር፣ ጥቁር፣ ይላኩልኝ። ገንዘቡን እዚህ ለወንድምዎ እሰጣለሁ።

የጭነት_ሰው፦
ወንድም እንዳለኝ በምን አወቅክ?

ካዛንቺስ_ነባሩ፦
ሺያዎቤይ እንጀራ የት ነው የሚገኘው አሁን? የድሮው ቤት ተዘግቷል አሉ።

ሰላም_ከጓንግዡ፦
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ቅዳሜ ጠዋት ፓርኩን አያለሁ፣ እሑድ ፎሻን እሄዳለሁ። ሰፈሬ ያለውንም ሙከራ በነጻ ነው ብለውኛል። ሦስቱንም አይቼ እነግራችኋለሁ።

ተቃጥያለሁ፦
ፎቶ እንዳታስነሺያቸው።

ከአምስት ሳምንት በኋላ፦

ፀሐይ_ነኝ፦
ሰላም እህቴ፣ የቱን መረጥሽ? የልጄን ጉዳይም ማንም አልመለሰልኝም።

የሲፉ_ደቀመዝሙር፦
ዊንግ ቹን ነው የምትሠራው። ጊዜ አጥታ ነው የጠፋችው።

ሜክሲኮ_አደባባይ፦
ወይ በአንድ እግሯ ቆማ ነው።

ቡልቡላ_ልጅ፦
ጋሼ፣ 43 ካጡ 44ም ይሆነኛል። ካልሲ ደርቤ አደርጋለሁ።