ሦስት ሆነው ቢመጡብኝ ቴኳንዶዬ ያድነኛል?

ሰማያዊ ቀበቶ (ጠያቂ)፦ ሰላም ለሁላችሁ። ቴኳንዶ እሠራለሁ፤ በስፓሪንግም (በልምምድ ግጥሚያ) ብዙ አልታማም። ሰሞኑን ጓደኛዬ «ሦስት ሆነው ቢመጡብህስ?» አለኝ፣ መልስ አጣሁ። ክለባችን ውስጥ ሁሌም የምንገጥመው አንድ ለአንድ ነው። ስልጠናው ለእንዲህ ዓይነቱ ጠብ ያዘጋጃል? ካላዘጋጀስ ምን ልጨምር? «ሩጥ» ብላችሁ ብቻ እንዳታልፉኝ።

አሮጌ ጓንት፦ ሩጥ። ተቆጣህ? መጀመሪያ መባል ያለበት እሱ ስለሆነ ነው።

ፊልም ላይ ተራ ጠብቀው ይመጣሉ። የእውነቱ ጠብ ላይ ግን አንዱ ፊትህ ቆሞ ወሬ ይይዝሃል፣ ሌላው በጎን ይዞርሃል። የሚመታህ የዞረው ነው። ስትደነግጥ ደግሞ እይታህ ይጠብባል። ዓይንህ ፊት ለፊት ባለው ሰው ላይ ተተክሎ ይቀራል።

ቦክስ ለዚህ የሚሰጥህ የእግር እንቅስቃሴ ነው። መሀላቸው አትግባ። አንዱ ሌላውን እስኪከልልህ ድረስ ወደ ጎን ዙር። በአንድ መስመር ሲሰለፉ ለአፍታ አንድ ለአንድ ሆናችሁ ማለት ነው። ያቺን አፍታ ለመውጫ ተጠቀምባት፣ ቆመህ አትቧቀስባት። በባዶ ቡጢ ጭንቅላት መምታትም የገዛ እጅህን ሊሰብረው ይችላል። ጓንት ስለለመድክ አትዘናጋ።

ምንጣፍ ናፋቂዋ፦ እኔ ጁዶ ነኝ፤ ዛሬ ግን የራሴን ስፖርት ልማ። መሬት ላይ ያሰርከው ሰው አንተንም አስሮሃል። ጓደኛው ከላይ ቆሞ በእግሩ ይጨርስሃል። ስለዚህ እያወቅክ መሬት አትውረድ።

ከእኛ ቤት ሁለት ነገር ውሰድ፦ አወዳደቅና አነሳስ። ስትወድቅ አገጭህን ወደ ደረትህ ሰብስብ፣ ማጅራትህ መሬት እንዳይመታ። ስትነሳ አንድ እጅህን ከኋላህ መሬት ላይ ትከል፣ በሌላው ፊትህን ሸፍን። ከተተከለው እጅ በተቃራኒ ያለውን እግር ረግጠህ መቀመጫህን አንሳ፣ ሌላውን እግር ወደ ኋላ ስበህ ቁም። ዓይንህ ከሰዎቹ አይነቀል።

ካታ በጠዋት፦ ማርሻል አርትን ባታጣጥሉት! ኪዮኩሺን ካራቴ ውስጥ አንድ ሰው 100 ግጥሚያ በተከታታይ የሚገጥምበት ፈተና አለ። የጃፓኑ አይኪዶም ብዙ አጥቂ በአንዴ የሚመጣበት ራንዶሪ የሚባል ልምምድ አለው።

አሮጌ ጓንት፦ ኪዮኩሺኑ እኮ ተራ በተራ ነው። ጽናቱን ግን አልክድም። አይኪዶው ላይ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ አጥቂዎቹ መውደቃቸውን ተስማምተው ነው የሚገቡት።

ሰማያዊ ቀበቶ፦ እሺ፣ እና እኔ ምን ልሥራ?

የማታ አሰልጣኝ፦ ሁለት ለአንድ ተጫወቱ። ጓንት፣ የራስና የጥርስ መከላከያ፣ ቀላል ምት፤ አሰልጣኝ ቆሞ ይመልከት። 20 ወይም 30 ሰከንድ ይበቃል፤ ሳንባህ ራሱ ይነግርሃል። ግብህ ማሸነፍ አይደለም፣ የአዳራሹን በር መንካት ነው።

ጀማሪ ሁሉ የሚያደርገውን ታያለህ። ቀጥ ብሎ ወደ ኋላ ያፈገፍጋል። ሦስት አራት እርምጃ ይሄዳል፣ ጀርባው ግድግዳ ይነካል፣ አለቀ። በኋላ በሰያፍ መውጣት ይጀምራል፤ ከሁለቱ በውጭ በኩል ያለውን ትከሻ ገፍቶ ያልፋል። እዚህ ላይ ከተደረሰ ትልቅ ነገር ነው። ከፍ ያለውን እርግጫ እርሳው፤ በአንድ እግር ቆመህ ሁለተኛው ሰው ከገፋህ ወደቅክ። የፊት ግፊት እርግጫህን ግን አትጣላት፣ ርቀት ትገዛልሃለች።

ስልክ ወይም ቦርሳ ብቻ ከፈለጉ ስጣቸው። ማን ኪሱ ውስጥ ምን እንደያዘ አታውቅም።

ሰማያዊ ቀበቶ፦ የበሩ ነገር ተመችቶኛል፣ ለአሰልጣኜ አቀርባለሁ። ሦስተኛ ሰው መቼ ልጨምር?

የማታ አሰልጣኝ፦ ከሁለቱ ሳትከበብ ደጋግመህ በሩን መንካት ስትችል። እስከዚያ አትቸኩል።