ልጄ «እማ፣ ይቺ ወፍ ስሟ ማነው?» ሲለኝ ምን ልበለው? (ሀዋሳ)

የሁለት ልጆች እናት፦
ሰላም ለሁላችሁም። የምንኖረው ሀዋሳ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ነው። ወንዱ ልጄ 7 ዓመቱ ነው፣ ሴቷ 4። ባለፈው እሁድ ሀዋሳ ሐይቅ ዳር ወዳለው ፍቅር ሐይቅ ወሰድኳቸው። እዚያ ጥቁርና ነጭ የሆነች ትንሽ ወፍ አየን። ከውሃው በላይ አንድ ቦታ ላይ ክንፏን እያርገበገበች ቆየችና ድንገት ቁልቁል ተወረወረች፣ ዓሣ ይዛ ወጣች። ልጄ አፉን ከፍቶ «እማ፣ ስሟ ማነው?» አለኝ። «ወፍ ናት» አልኩት። ዝም አለ። ከዚያ በኋላ ምንም አልጠየቀኝም፣ እስካሁን የሚከነክነኝም እሱ ነው። እኔ ገጠር ነው ያደግኩት፣ የሰፈራችንን ዛፍ ሁሉ በስሙ ነበር የምናውቀው። ልጆቼ ግን ፔንግዊንን ከካርቱን ያውቁታል፣ ደጃቸው ላይ ያለውን ሐይቅ አያውቁትም። ከየት ልጀምር? ብዙ ወጪ የሌለው ቢሆን ደስ ይለኛል።

የጠዋት ሰው፦
እህቴ፣ ስሟን አለማወቅሽ ምንም አይደለም። ጨዋታው እዚያ ላይ መቆሙ ነው ያስከፋው። «እኔም አላውቃትም፣ ና ምን እንደምታደርግ እንያት» ብትዪው ይበቃው ነበር።

በጠዋት ሐይቁ ዳር ወዳለው የዓሣ ገበያ፣ አሞራ ገደል ውሰጃቸው። ከ1 ሰዓት እስከ 3 ሰዓት ባለው ጊዜ ጀልባዎቹ ይመለሳሉ፣ ቆሮሶውና አምባዛው እዚያው ይበለታል፣ አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ ወፎችም ከሰው ኋላ ቆመው የዓሣ ሆድ ዕቃ እስኪጣልላቸው ይጠብቃሉ። አንዳንዱ እስከ 1.5 ሜትር ስለሚቆም ልጄ መጀመሪያ ፈርታ እግሬ ላይ ተጠመጠመች። ቆይታ «አባ፣ ራሱ ለምን መላጣ ሆነ?» አለች። ጥንብ ውስጥ ጭንቅላቱን እየከተተ ስለሚበላ ነው፣ ላባ ቢኖረው በደምና በቆሻሻ ይጣበቅበት ነበር። «እግሩስ ለምን ነጭ ሆነ?» አለች። የእግሩ ቆዳ ጥቁር ነው፣ ሙቀት ሲበዛበት ኩሱን እግሩ ላይ ይለቀዋል፣ እርጥበቱ ሲደርቅ ያቀዘቅዘዋል፣ ነጩ የደረቀው ኩስ ነው። ይህን ስነግራት ሳቋን ማቆም አልቻለችም፣ በማግስቱ ክፍሏ ውስጥ ያልሰማ ልጅ አልነበረም።

ሁለት ነገር ግን አደራ። ምግብ በእጃቸው አይያዙ፣ ጦጣዎቹ ይነጥቃሉ። ውሃው ውስጥም አይግቡ፣ ሐይቁ ብልሃርዝያ አለበት፣ ጉማሬም አለ።

የሐይቅ ዳር ልጅ፦
ያየሻት በእንግሊዝኛ ፓይድ ኪንግፊሸር የምትባለው ትመስለኛለች። ሜርሊን የሚባል አፕ ጫኚ፣ ነፃ ነው። አሜሪካ የሚገኘው የኮርኔል ዩኒቨርሲቲ የወፍ ጥናት ማዕከል ነው የሠራው። ፎቶ ስታስገቢለት ስሙን ይነግርሻል።

ጡረተኛው መምህር፦
ልጄ፣ አፑ መልካም ነው፣ ግን ልጁ መጀመሪያ በዓይኑ ይጥገብ። ስልክ ከወጣ ዓይኑ ወደ ስልኩ ይሄዳል። ወፏን ያያት፣ ቤት ገብቶ ይሣላት፣ የራሱን ስም ያውጣላት፣ ከዚያ ትክክለኛውን ስም አብራችሁ ፈልጉ። ሲዳምኛ የሚያውቁ አያት ወይም ጎረቤት ካሉ ደግሞ እነሱን ይጠይቅ፣ ትልልቅ ሰዎች ጋ ያለው የወፍና የዛፍ ስም ብዙ ነው።

ከወፍ ይልቅ እኔ ዛፍ አስቀድማለሁ፣ ዛፍ በሮ አያመልጥም። አንድ ሾላ ምረጡና በየሳምንቱ ወደዚያው ተመለሱ። ተማሪዎቼን «የሾላ አበባ የት አለ?» ብዬ እጠይቃቸው ነበር። ሁሉም ቀና ብለው ቅርንጫፉን ይፈልጋሉ። ፍሬውን ለሁለት ከፍላችሁ እዩት፣ አበቦቹ ውስጥ ናቸው፣ በመቶ የሚቆጠሩ ጥቃቅን አበቦች። በጣም ትንሽ የሆነች ተርብ በፍሬው ጫፍ ባለችው ቀዳዳ ተሽሎክሉካ ትገባና ታዳቅላቸዋለች። እሷም ያለ ሾላው፣ ሾላውም ያለ እሷ ዘር አይተኩም። ከ30 ዓመት በላይ አስተምሬያለሁ፣ ፍሬው የተከፈተበትን ቀን የረሳ ተማሪ አላጋጠመኝም።

አሞራ ገደል ስትሄዱ ደግሞ ዛፎቹ ላይ ጉሬዛ ፈልጉ። የጉሬዛ እጅ አውራ ጣት የለውም፣ ጉጥ ብቻ ነው፣ አራቱን ጣቶች እንደ ሜንጦ አድርጎ ነው ቅርንጫፍ የሚይዘው። ልጆቹ አውራ ጣታቸውን አጥፈው ጆግ ለማንሳት ይሞክሩ።

የሁለት ልጆች እናት፦
አባቴ፣ እድሜ ይስጥልኝ። ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ቅዳሜ በባጃጅ ሄድን፣ 1 ሰዓት ተኩል ላይ ደረስን። ልጁ ወፏን በድጋሚ አገኛት፣ «ጠላቂት» ብሎ ስም አወጣላት። ስንት ጊዜ ጠልቃ ስንት ጊዜ ዓሣ እንደያዘች ቆጠረ፣ 9 ጊዜ ጠልቃ 2 ጊዜ ብቻ ነው የቀናት። አዘነላት። አንድ ዓሣ አጥማጅ ይህን ሰምቶ «እኛም እንደዚያው ነን» አለው፣ ከዚያ ሁለቱ እኔን ረስተው ብዙ አወሩ።

ሾላውን ገና አልከፈትንም፣ የመጪው ሳምንት ነው። ጉሬዛ ግን አየን፣ እናትየዋ ነጭ ግልገል ታቅፋ። የአውራ ጣቱን ነገር ለልጆቹ ነግሬያቸው ነበር። ሴቷ ልጄ ቀና ብላ ስታያቸው ቆየችና አውራ ጣቷን መዳፏ ውስጥ ደበቀች። ለምን ስላት «አይተው እንዳያዝኑ» አለችኝ።