ደንበኛ ሲማታ «ቻሉት» ተብለናል፣ ምን እናድርግ?

ሰላም ለሁላችሁ። ልምድ ያላችሁ እባካችሁ ምከሩኝ። ሱቅ ውስጥ ካሸር ነኝ። ስድቡን ለምደነዋል፣ መለመድ ባይኖርበትም። አሁን ግን ነገሩ ከስድብ አልፏል። በቅርቡ አንድ ደንበኛ ያለ ደረሰኝ ዕቃ ካልመለስኩ ብሎ ድርቅ አለ፤ ባልደረባዬ «አይቻልም» ስትለው የካርድ ማሽኑን አንስቶ ወረወረባት። ትከሻዋን መታት። እሷ ግን እጇ እየተንቀጠቀጠ ቀጣዩን ደንበኛ አስተናገደች፣ ሰልፉ ረጅም ነበር፣ የሚተካትም ሰው አልነበረም።

ለአለቃችን ስንነግረው «ደንበኛ ንጉሥ ነው፣ ቻሉት» አለን። በጣም አናደደኝ። ያለ ደረሰኝ አትመልሱ ያለን እኮ እሱ ራሱ ነው! ደንቡን እሱ ያወጣል፣ ዱላውን እኛ እንቀበላለን።

ዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ያጸደቀው ስምምነት ቁጥር 190 የተቀበሉት አገሮች በሥራ ዓለም የሚደርስ ጥቃትን በሕግ እንዲከለክሉ ይጠይቃል፤ እንደ ደንበኛ ካለ ሦስተኛ ወገን የሚመጣውም ከግምት እንዲገባ ይላል። ይህን ለአለቃችን ባሳየው ይሰማኝ ይሆን ወይስ ጥርስ ውስጥ እገባለሁ?

ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ የተባለውን ቃልና ያየውን ሰው መመዝገብ ጀምረናል። የካሜራው ቅጂ ግን በላዩ ላይ ሌላ ሳይቀረጽበት እንዲቀመጥልን እንዴት እንጠይቅ? ፖሊስ ጋ እሷ ትሂድ ወይስ ድርጅቱ ነው ማመልከት ያለበት? ከሥራ እባረራለሁ ብላ ፈርታለች። ደግሞ ማታ አንድ ሰው ብቻውን ሱቁን እንዳይዘጋ አሠሪያችሁን ያሳመናችሁ ካላችሁ፣ ምን ብላችሁ እንደጀመራችሁ ንገሩኝ።